የአሕመድ ኢላ ጨው ጠራቢዎች ባለታሪክ የሆኑበት የጥበብ ሥራ ታውቃላችሁ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና የምጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ነጭ የጨው ሜዳ፣ ከሩቅ የግመል ሰልፍ። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብዬ ሳየው ጥግ ላይ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ጨው ይጠርባል። ፊቱ ተቆርጦ ቀርቷል። የሚታየው እጁና መጥረቢያ መሰል ነገር ብቻ ነው።

አያቴ ጓዳ ውስጥ አሞሌ ነበረ። በቢላ እየፋቀች ወጥ ላይ ታደርገው ነበር፤ አንድ ጎኑ ጎድጉዶ አስታውሳለሁ። ማን እንደጠረበው ግን ጠይቄ አላውቅም። አፋር ውስጥ ዳሎል አካባቢ ያለችው የአሕመድ ኢላ ሰዎች በስዕል፣ በልቦለድ ወይም በፊልም ባለታሪክ ሆነው አይታችኋል? የመሬቱ ውበት ይቆየኝ፤ እሱ ሞልቷል።

ሲኒማ ወዳጅ፦
«ክራምብስ»ን አይተሻል? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሚጌል ያንሶ ፊልም ነው፤ በአማርኛ። ዳንኤል ታደሰ ይተውንበታል፣ ዳሎልም ተቀርጿል። በጣም እወደዋለሁ። ግን ታሪኩ ዓለም ካለቀች በኋላ ያለ ዘመን ነው፤ ቢጫና አረንጓዴው መሬት የተፈለገው ለዚያ ነው። እዚያ ጨው ቆርጦ ለሚያድር ሰው እኮ ዓለም አላለቀችም።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፦
ጨዉ መጽሐፍ የገባው ጥንት ነው፣ ልጄ። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጨው በወርቅ ሲለወጥ ጽፏል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝም እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ መዝግቧል። አሳሹ ኔስቢት እ.ኤ.አ. በ1928 ደናክልን፣ ያንኑ የአፋር በረሃ፣ አቋረጠ፤ የመጽሐፉ የአሜሪካ እትም ግን አገሩን ከርዕሱ ጀምሮ ሲኦል ይለዋል። ሰው የሚኖርበትን አገር እንዲህ ብሎ መጥራት ያሳዝነኛል።

የበራህሌ ልጅ፦
እህቴ፣ ፎቶው ላይ ያለው ጠራቢው ነው። ጨዉን ከመሬት ፈንቅሎ የሚያወጣው ሌላ ሰው፣ ጠርቦ አሞሌ የሚያደርገው ሌላ ነው። አጎቴ ግመል ይነዳ ነበር። እኛ አፋሮች መንገድ ላይ ስንገናኝ ቁጭ ብለን ዳጉ እንለዋወጣለን፤ ያየነውንና የሰማነውን ሁሉ። አጎቴ ከጨዉ ሲመለስ ስለ ሙቀቱ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። የማን ግመል እንዳነከሰች፣ ማን ውሃ እንዳካፈለው ነበር የሚነግረን።

የአራት ኪሎዋ፦
ወንድሜ፣ አጎትህ አሁንም ያወራሉ? አዲስ አበባ ካለህ ቅዳሜ ቡና ልጋብዝህ። ፎቶውን አሳይሃለሁ። የያዘው ነገር በአፋርኛ ምን እንደሚባልም ትነግረኛለህ።