የማጥመጃ ዘንግ ቀለበት ሲሰበር ጎንደር ውስጥ ማን ጋ ይወሰድ? (ጥቆማ)

«የዘንጌ ቀለበት (የማጥመጃው ክር የሚያልፍበት) ተሰብሯል፤ ማን ይሠራልኛል?» ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እየወረደ ማጥመድ የለመደ ሰው አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። የእኔ ጥቆማ ይኸውላችሁ፦ የተጣመመውን ብረት አንጥረኛ ጋ ውሰዱ። የጫፉን ቀለበት ሞባይል ጠጋኝ ያውጣላችሁ። ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን ክር ግን ራሳችሁ ጠምጥሙት። ብየዳ ቤት አትሂዱ።

በመጀመሪያ ግን ጉዳቱን ለዩ። የማጥመጃው ክር ደጋግሞ የሚበጠስበት ሰው «ክሩ ፎርጅድ ነው» ይልና ሌላ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ሴራሚክ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለው ክሩን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ትንሽ ጥጥ ወይም የቀጭን ስቶኪንግ ቁራጭ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ዙሪያውን አሽከርክሩ። የሆነ ቦታ ላይ ጥጡን ከያዘው፣ ስንጥቁ እዚያ ነው። የተሰነጠቀ ሴራሚክ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ሴራሚኩ ደህና ሆኖ ከብረቱ ወልቆ ብቻ ከሆነ ግን ዕድለኛ ናችሁ። ሁለቱንም በአልኮል ጥረጉ፣ በስንጥር ጫፍ ትንሽ ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ሙጫ) ቀቡና መልሱት። ማንም ጋ መሄድ አያስፈልግም።

ብረቱ ሲጣመም ወይም ሲሰበር ነው ባለሙያ የሚያስፈልገው። እዚህ ላይ አንጥረኛን የሚያህል የለም። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ወርቅ ቤቶች ጠጋ በሉ። የጆሮ ጉትቻ መንጠቆ የሚያቃና እጅ የቀለበት እግር (ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን ብረት) ማቃናት አይከብደውም። መቆንጠጫው ቀጭን ነው፣ እሳቱ ትንሽ ነው፣ ዓይኑ ለጥቃቅን ነገር የሠለጠነ ነው። ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ዘንጉን እቤት ተዉት፤ ቀለበቱን ብቻ ፈትታችሁ ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ሴራሚኩ ከእሳቱ በፊት ይውጣ። ሦስተኛ፣ ብረቱ የማይዝግ ዓይነት ከሆነ ስብራቱን ለማያያዝ የሚቀልጠው ብር ቶሎ አይዘውም፤ ስለዚህ «ጋሼ፣ መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ደህና አድርገው ይፋቁልኝ» በሏቸው። አንዳንድ ርካሽ ዘንጎች ላይ ያለው ኒኬል የተቀባ ናስ ግን በቀላሉ ይያያዛል።

ብየዳ ቤት ለምን አልኩ? ለበርና ለመስኮት የሚጠቀሙበት ኤሌክትሮድ ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የቀለበቱ እግር ከዚያ እጅግ ይቀጥናል። ገና ሲነካው ቀልጦ ይወድቃል። ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው፤ መሣሪያቸው ግን ለዚህ አልተሠራም።

የጫፉ ቀለበት ጉዳይ ለየት ይላል። እሱ በክር አይታሰርም፤ በትንሽ ቱቦው ውስጥ በሙጫ ነው የሚጣበቀው። ሙጫው ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሞባይል ጠጋኞች ስክሪን የሚያላቅቁበት የሙቅ አየር መሣሪያ ለዚህ ይመቻል፤ ምክንያቱም ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ መወሰን ይቻላል። ቱቦውን ብቻ ያሙቁት፤ ሲላቀቅ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይሳብ። በሻማ ወይም በላይተር መሞከር አልመክርም። ካርቦንም ሆነ ፋይበር ግላስ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ከመጠን በላይ ከሞቀ ጫፉ ይደክማል። ያኔ የሚቀየረው ቀለበቱ ብቻ አይሆንም። አዲሱን ከማዘዛችሁ በፊት ወርቅ ቤት ጎራ በሉና የዘንጉን ጫፍ ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) አስለኩ፤ ልኩን በሚሊ ሜትር ጻፉ።

ክሩን ራሳችሁ ጠምጥሙ ያልኩት ሥራው ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ ስለማይፈልግ ነው። አሮጌውን ክር በምላጭ ከእግሩ ብረት ላይ ቁረጡ፤ ምላጩ የዘንጉን አካል እንዳይነካ። አዲሱን ቀለበት በማስክ ፕላስተር ያዙትና ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን በአንድ ዓይን እያያችሁ አስተካክሉ። የእግሩን ጫፍ በሞረድ አሳሱት፤ አለዚያ ክሩ ሲወጣበት ይዘላል። ጥምጣሙን ከዘንጉ ጀምሩና ወደ እግሩ ውጡ፤ ክሩ ሳይደራረብ ጎን ለጎን ይሂድ። ሊያልቅ ሲል ሌላ ክር አጥፋችሁ ከጥምጣሙ ሥር አስገቡ፤ የጥምጣሙን ጫፍ በእጥፉ አሾልካችሁ እጥፉን ሳቡና ትርፉን ቁረጡ።

ለክሩ ከቅዳሜ ገበያ ወይም ከልብስ ሰፊዎች ቀጭን የናይለን ክር ግዙ። ጥጥ አይሁን፤ ውኃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል። የጫማ ክር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይወፍራል። ድንገት ጎርጎራ ላይ ከተፈታባችሁ የጥርስ ክር ለዚያ ቀን ያዘልቃል።

ሙጫው ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሱፐር ግሉ ነው የሚያነሣው። እኔ አልወደውም። ቶሎ ይይዛል፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ግን ይሰነጠቃል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ይሻላል። ከእሱም ውስጥ በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ትታችሁ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ምረጡ፤ ፈጣኑ ገና እየቀባችሁት ይጠጥራል። ሁለቱን እኩል ቀላቅሉና በስሱ ቀቡ። እስኪረጋ ድረስ ዘንጉን በየጊዜው አዙሩት፤ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ይንጠባጠባል። የጥፍር ቀለም የሚቀቡም አሉ። ለጊዜው ክሩን ከውኃ ይከላከላል፤ ለትልቅ ቢልጫ (የጣና ዓሣ) ግን አልተማመንበትም።

መለዋወጫ ቀለበት ከውጭ የሚመጣ ወዳጅ ካላችሁ አስመጡ፤ ክብደቱ ምንም አይደለም። የጃፓኑ ፉጂ የታወቀ ነው። እስከዚያው ከተሰበረ አሮጌ ዘንግ ላይ መፍታት ከሁሉ ይረክሳል። ስለዚህ የተሰበረ ዘንግ አትጣሉ።

የጥገናውን ጊዜ በተመለከተ፣ እኔ ክረምቱን ነው የምመርጠው። ከሐምሌ ጀምሮ ቢልጫው ሊራባ ወደ መገጭ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ዘሩን ማጥፋት ነው፤ ዘንጉ ይረፍ፣ ይጠገን። ብቻ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ኢፖክሲውም ይዘገያል። ዘንጉን ማታ ሙቀት ወዳለው ክፍል አስገቡት። ማግስቱን በጥፍራችሁ ጫን ስትሉት ምልክት ከተወ ገና ነው፤ አንድ ቀን ጨምሩለት።