አባቴን ይዤ ወደ አን አርበር፦ ደረጃውን እንዴት ይውረድ?

የምኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። የተማርኩት ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከ71 ዓመቱ አባቴ ጋር የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጨዋታ ሳናይ ያሳለፍነው ቅዳሜ የለም። ዘንድሮ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲን ቡድን አን አርበር ከተማ ባለው ሜዳው ስንገጥም ልወስደው ቃል ገብቼለታለሁ። ቀዩን የሱፍ ኮፍያውን ከወዲሁ አጥቦ በር ላይ ሰቅሎታል።

ሁለት ትኬት በስልኬ አለኝ። ጨዋታው ቀትር ላይ ነው፤ አን አርበር ውስጥ አልጋ ስላጣሁ ቶሌዶ አድረን በማለዳ በ23 ቁጥር መንገድ አንድ ሰዓት ያህል እንነዳለን። ይህ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ መቀመጫው ነው። ከ107 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ስታዲየም አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ የሚገባው ከላይ ነው፤ የእኛ ረድፍ ደግሞ 18ኛው፣ ከታች ወደ ሜዳው የተጠጋው። ስገዛ ቅርበቱን እንጂ ቁልቁለቱን አላሰብኩም። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው የሚሄደው በከዘራ ነው። የቤታችንን 12 ደረጃ እንኳ የሚወርደው ብረቱን ጨብጦ፣ ግራ እግሩን አስቀድሞ፣ በየደረጃው ቆም እያለ ነው።

ትኬቱን የሸጠልኝ ድርጅት አልለውጥም አለ። ከላይኛው ረድፍ ሌላ ትኬት ፈለግሁ፤ ጎን ለጎን ሁለት አላገኘሁም። ለብቻው ላስቀምጠው አልፈልግም።

አዛውንት ይዛችሁ እዚያ የገባችሁ፣ በዕለቱ በር ላይ ላሉት ሠራተኞች ነግራችሁ፣ ደረጃ ወደማይበዛበት ቦታ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ያዛወሩላችሁ አላችሁ?