ቢቢሲ ስኮትላንድ ላይ አድልቷል ወይስ የተሸናፊ ለቅሶ ነው?

ከዚራ_ልጅ፦
ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም ካላችሁ። ትናንት በርጫ ላይ የስኮትላንድ ሪፈረንደም ተነስቶ (ከብሪታኒያ እንገንጠል ወይስ አብረን እንቅር የተባለበት የ2014ቱ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው) ጨዋታው ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። አንዱ ጀለሳችን "ነፃነቱን የቀማቸው ቢቢሲ ነው፣ ህዝቡ ራሱ ግላስጎው ቢሮው ድረስ ሄዶ ጮኾበታል" ብሎ ድርቅ አለ፣ ሌላኛው ደግሞ "55 ለ45 ተሸንፈህ ምን ትላለህ፣ ሚዲያ ላይ ታላክካለህ እንጂ" አለ። እኔን ሁለቱም አላሳመኑኝም። ሰልፉ በምን ነበር የተነሳው፣ አድልዎውስ እውነት ነበር? የተከታተላችሁ አስረዱን በአላህ።

ጀጎል_በር፦
በዋናነት ያቀጣጠለው የቢቢሲው ጋዜጠኛ የኒክ ሮቢንሰን ዜና ነው። ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ከተገነጠሉ ዋና መስሪያ ቤቱን ወደ ለንደን ሊያዞር ነው የሚል ዜና ወጣ። በማግስቱ አሌክስ ሳልሞንድ፣ ያኔ የስኮትላንድ መንግስት መሪ፣ ኤድንብራ ላይ መግለጫ ሲሰጥ ሮቢንሰን ስለዚሁ ባንክና ስለ ታክሱ ጠየቀው፣ ሰውዬውም ደቂቃዎች ወስዶ መለሰለት፣ እንደውም ወሬውን ያሾለከው የለንደን ገንዘብ ሚኒስቴር ነው ብሎ ይመርመርልኝ አለ። ማታ ዜና ላይ ግን ሮቢንሰን "አልመለሰም" ብሎት አረፈው። ሰዉ ሙሉውን ቪዲዮና የማታውን ዜና ኢንተርኔት ላይ ጎን ለጎን ሲያየው በቃ፣ ሴፕቴምበር 14 እሁድ ቀን ሺህ ምናምን ሰው ቢቢሲ በር ላይ ወጣ፣ ሮቢንሰን ይባረር የሚል ባነር ሁሉ ነበር። መልሱ አልጣመህም? አልጣመኝም በል። አልመለሰም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሳቢያን_ቦይ፦
አቦ ቢቢሲ ቢቢሲ አትበሉ፣ ጋዜጦቹን ለምን ረሳችኋቸው? ከስኮትላንድ ጋዜጦች ነፃነቱን በግልፅ የደገፈው ሰንደይ ሄራልድ ብቻ ነው። ዴይሊ ሪከርድማ ሁለት ቀን ሲቀረው የለንደኖቹን ሦስት ፓርቲ መሪዎች፣ የካሜሮንን፣ የሚሊባንድንና የክሌግን ፊርማ ፊት ገፁ ላይ ደርድሮ "ቃል ኪዳን" ብሎ አወጣ፣ አብራችሁን ከቀራችሁ ለፓርላማችሁ ተጨማሪ ስልጣን እንሰጣለን የሚል። ግን ጋዜጣውን ካልወደድክ አትገዛም፣ ለቢቢሲ ግን ቲቪ የሚያይ ቤት በየአመቱ ላይሰንስ ይከፍላል፣ ንዴቱ ከዛ ይመስለኛል፣ በራሴ ገንዘብ ትወጋኛለህ አይነት። ደግሞ ያ ሁሉ ሚዲያ ተነስቶባቸው 44.7 ፐርሰንት ካገኙ ሚዲያው የተባለውን ያህል ጉልበት የለውም ማለት ነው። 84.6 ፐርሰንቱ መራጭ ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል እኮ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በዜና ተሸወደ ልትሉኝ ነው?

የፈረስ_መጋላዋ፦
ሳቢያን ወንድሜ፣ መሸወድ አይደለም ነገሩ። ጠዋት ዜና ስትከፍት ባንኩ ሊሄድ ነው፣ ፓውንዱን ልትነጠቁ ነው፣ ጡረታችሁ ምን ሊሆን ነው፣ ሱፐርማርኬት ሊወደድ ነው። አንዱ ወገን ሁሌ ጠያቂ ሌላው ሁሌ መላሽ ከሆነ አንድም ውሸት ሳይነገር ሚዛኑ ይዛባል፣ አንድ አዘጋጅ ላዳላ ብሎ መነሳት እንኳን የለበትም። ጋዜጠኛ ይባረር ብሎ ሰልፍ መውጣቱ ግን እኔን አይመቸኝም። ሮቢንሰን ራሱ በአመቱ ጋዜጠኞች በሰልፈኛ መሀል እየተጋፉ ስራ መግባታቸውን ከፑቲን ሩሲያ ጋር አነፃፅሮት ሳልሞንድ ጋ እንደገና ተሰዳደቡ፣ ያኛውም ቢሆን አብዝቶታል።

ከዚራ_ልጅ፦
እሺ ተመችቶኛል። ከዛ በኋላስ፣ እንደዚህ ተናደው ዝም አሉ?

ጀጎል_በር፦
የምን ዝም! ኖቬምበር 2014 ላይ ዘ ናሽናል የሚባል ነፃነት ደጋፊ ዕለታዊ ጋዜጣ ተከፈተ፣ ሜይ 2015 የለንደን ፓርላማ ምርጫ ላይ ደግሞ የሳልሞንድ ነፃነት ፈላጊ ፓርቲ ኤስኤንፒ ከ59 የስኮትላንድ ወንበር 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ሁለተኛ ሪፈረንደም ሲሉ ግን 2022 ላይ የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ለንደን ፈቃድ አትችሉም አላቸው፣ እዛው ላይ ቆሟል።

ሳቢያን_ቦይ፦
እና አሁን አንቀጽ 39 እንዳይነሳ፣ ሞደሬተሩ ይዘጋብናል 😂