ሰብለ ወንጌልን የለወጣት ፍቅሩ ነው ወይስ ጫናው?

እባካችሁ እርዱኝ። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ የምሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ አልገፋ ብሎኛል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር እኩያዋ አይደሉም እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ ሰብለ ወንጌል ዝም ትላለች። በዛብህ ሊያስተምራት ከመጣ በኋላ ግን የራሷ ፍላጎት እንዳላት ታውቃለች፤ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት እስከ መውጣት ትደርሳለች። ይህች ቆራጥ ሴት ከየት መጣች? አማካሪዬ ሁሉንም ለፍቅር ይሰጡታል። ለእኔ ግን የዘመኑን ልማድ የሚነቅፈው የጉዱ ካሣ ትችትም ዓይኗን የከፈተላት ይመስለኛል።

የባሰው የበዛብህ ነገር ነው። በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሰው ስለሆነ ጫናው ከገዛ ኅሊናውም ይነሣል። ታዲያ ሁለቱን በአንድ መለኪያ ማየት ይቻላል? ልብ ወለዱን ደጋግማችሁ ያነበባችሁ፣ የትኛውን ትዕይንት መነሻ ባደርግ ይሻላል?