ከፍ ካስደረግሁት በኋላ መሪው አልረጋ ያለ ፒክ አፕ

የምኖረው በሱሉልታ ዳርቻ፣ ከአስፋልቱ 3 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ስለሆነ፣ የክረምቱ ጭቃ የመኪናዬን ሆድ እየነካ ሲያስቸግረኝ በፈረንጆች 2008 የተሠራውን ቶዮታ ሂሉክስ ቪጎ ከፍ አስደረግሁት። ከፊት ከሞላው በላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቀለበት) ገብቶ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ አንድ ባሌስትራ ተደርቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ሾክ አብዞርበሮቹ ግን አልተቀየሩም። ጭቃው ተሸነፈ፤ ምቾቱም አብሮ ሄደ። ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይዘላል (ከ200 ኪሎ በላይ የምጭነው አልፎ አልፎ ነው)፣ በእንጦጦ ቁልቁለት መጠምዘዣዎች ላይ ያጋድላል፣ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ደግሞ መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል። የጎማውን ነፋስ ብቀንስ ዝላዩ ጥቂት ቢለዝብም መሪው ይባስ ከበደ። አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርቼ ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) ሲስተካከል፣ ካስተሩ (የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ልክ) ግን ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ዞሮ እንኳ ወደ ልኩ አልተመለሰም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከፍታውን ሳላጣ መሪው እንዲረጋ፣ ስፔሰሩን አውጥቼ ረዘም ያለ ሞላና ለእርሱ የሚመጥን ሾክ አብዞርበር መግጠም ይበቃኛል ወይስ የላይኛውንም አርም (የፊት ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) ካስተሩን በሚመልስ መለወጥ ይኖርብኛል?