«ዴድፓን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃል ለቃሚ፦ ስለ አሜሪካዊው የድሮ ፊልም ቀልደኛ በስተር ኪተን አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ዴድፓን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ፊት ሳይለዋወጥ ማሳቅ ማለት ነው። «ስሜት አልባ ፊት» ብዬው ነበር፤ መልሼ ሳነበው ሬሳ መሰለኝ። «ደረቅ ፊት» ብለውስ?

ጎንደሬው፦ «ደረቅ»ን አታስገባው ወንድሜ። «ዐይነ ደረቅ» የለመደ አንባቢ ሰውየውን ኀፍረት የለሽ ያደርገዋል። «ፓን» በድሮው የአሜሪካ የአራዳ ቋንቋ ፊት ነው፤ «ዴድ»ም እዚህ ሞት ሳይሆን አለመንቀሳቀስ ነው። «ኮስታራ» አይሆንም?

ቃል ለቃሚ፦ ኮስታራ ሊቆጣ የተዘጋጀ ይመስላል። ኪተን ደግሞ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ያያል።

እትዬ ሰዋስው፦ ልጄ፣ ሰውየው ያደገበትን እይ፤ ቃሉ ከዚያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1895 ካንሳስ ውስጥ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ጋር «ሦስቱ ኪተኖች» ተብለው በቮድቪል መድረክ ይዞሩ ነበር። ቮድቪል ዘፋኙ፣ አክሮባቱ፣ አስማተኛውና ቀልደኛው በየተራ የሚወጡበት ዝግጅት ነው። የነሱ ተራ ሲደርስ አባትየው ልጁን ያሽቀነጥረዋል፤ ለመያዣ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር! ልጁ ተፈጥፍጦ ሲነሣ ራሱ ከሳቀ የተመልካቹ ሳቅ ይቀንሳል፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሲያይ ግን ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ይህን በልጅነቱ ደረሰበት። ስለዚህ ፊቱ ጠባዩ ሳይሆን ሙያው ነው። «ፊቱን ፈታ አደረገ» እንል የለ? «ፊቱን ሳይፈታ የሚያስቅ» በለው።

ጎንደሬው፦ እትዬ፣ ይሄ ልክ ነው! በ1928ቱ ፊልም የቤት ግድግዳ እንዳለ ሲወድቅበት፣ በመስኮቱ ክፍተት ተርፎ ቆሞ ይቀራል። ግድግዳው የእውነት ነበር። ፊቱ ግን አልተፈታም።

ቃል ለቃሚ፦ ተቀብያለሁ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ1917 ኒው ዮርክ ከቀልደኛው ሮስኮ አርባክል ጋር ፊልም የጀመረበትን ክፍል በዚሁ አስተካክላለሁ። «ዝምተኛ ፊልም» የሚለውንም «ድምፅ አልባ» አደርገዋለሁ፤ ዝምተኛ ሰው እንጂ ፊልም አይደለም። በ1928 ወደ ትልቁ የፊልም ኩባንያ ኤምጂኤም ገብቶ በገዛ ሥራው ማዘዝ ያቃተው ጊዜ ግን ለትርጉም አላስቸገረኝም፤ «እጁ ታሰረ» ብዬ አለፍኩ። አሁን የቀረኝ ስሙ ነው። ጆሴፍ ነበር፤ «በስተር» በዘመኑ የመድረክ ቋንቋ ኃይለኛ አወዳደቅ ነው። «ውድቀት» ካልኩ ስብከት ይመስላል።

ጎንደሬው፦ «ፍጥፍጤ»!

ቃል ለቃሚ፦ «ፍጥፍጤ ኪተን» ብዬ ከላክሁ አርታኢዬ እኔን ነው የሚፈጠፍጠኝ።