«የከፈለ ይምረጥ»? ልጅ ነው ወይስ ድግስ?

ቡና ያለ ስኳር፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንዱ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው? የተፋቱ ወላጆች ልጁን በጋራ እያሳደጉ በትምህርት ቤት ካልተስማሙ «የከፈለ ይምረጥ»። ወያላው ሳይቀር «ልክ ነው!» አለ። ደሜ ፈላ።

የሰሚት አባት፦ ምኑ ነው ያናደደሽ? የልጄ እናት ትመርጣለች፣ በየተርሙ ባንክ የምሰለፈው እኔ። ጭማሪ ሲመጣ ደግሞ «አባቱን አናግሩ»።

ጠይሟ፦ ወንድሜ፣ ክፍያ ሲባል ብር ብቻ ነው የሚታይህ? አባቱ በመረጠው ትምህርት ቤት የተነሳ ልጄ ከጀሞ ሰሚት ይመላለሳል። ሰርቪሱ እንዳያመልጠው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እቀሰቅሰዋለሁ። ካልሲውን የማለብሰው እንቅልፉን ሳይጨርስ ነው። ይሄስ ክፍያ አይደለም?

የሰሚት አባት፦ ጀሞ ግቢ ያለሽ ማን ነው?

ጠይሟ፦ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኛ! የከፈለ ይምረጥ አላልክም? ሰፈሩን መረጥኩ።

ቡና ያለ ስኳር፦ ኧረ ገደለችው!

መዝገብ ቤት፦ ቀልዱን ተዉትና፣ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113ን አንብቡ። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን የልጆቹን አጠባበቅ፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ አብሮ ይወስናል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ የሚያስቀድመው የልጁን ደህንነት ነው። ስለ ደረሰኝ የሚያወራ ነገር አላየሁም።

የሰሚት አባት፦ ቀጠሮው እስኪደርስ ልጁ ሚኒስትሪ ይፈተናል።

ቾክ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የኛን ስም የሚጠራ የለም እንዴ? እዚህ አዲስ አበባ ልጁ ቁርስና ምሳ በልቶ ይማራል። ክፍያ ከሌለ ጠቡም የለም።

የሰሚት አባት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ነው።

ቾክ፦ የወደቀው የኛ ልጅ ብቻ ነው? ከፍሎ የወደቀውስ?

ባለ ሁለት ቤት፦ እኔ 4ኛ ክፍል ስገባ ሁለት ቦታ ተመዝግቤ ነበር። እናቴ ጋ ሰማያዊ ሹራብ፣ አባቴ ጋ አረንጓዴ። መሸኛዬን አባቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። መስከረምን እቤት ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ሰማያዊውን ለብሼ የአያቴን በጎች እጠብቅ ነበር።

የሰሚት አባት፦ የከፈለው አባትህ ነበር?

ባለ ሁለት ቤት፦ ምዝገባውን ሁለቱም ከፍለዋል።

የሰሚት አባት፦ ምዝገባውን ተወው። የተርሙን ማን ከፈለ?